ቀድሞ የሚሰፈር ስንዴ

ገነተ ማርያም፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለመነን፣

የወጣሽበት በር ተመልሰሽ የምትገቢበት ይሁን። እጅሽ የነካው ቁስል ሁሉ ይሻር። እኔ በቁሜ አለሁ። ይህን ወረቀት የምጽፈው በገዛ እጄ ነውና ስለ ጤናዬ ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ።

ስልኩ ከተዘጋ ወዲህ የደብዳቤው ሁሉ ባለቤት ምሥጋናው ሆኗል፤ ያ ላሊበላ እንግዳ ሲያስጎበኝ የነበረው። እንግዳው ቢጠፋበት የሰው ወረቀት ለአውሮፕላን ተሳፋሪ ያደርሳል። አሁንም ደጃፌ ተቀምጦ፣ «እትዬ ይማርሽ፣ ይፍጠኑልኝ» ይለኛል። እኔ ፊደሉን እንደ ምስር እየለቀምሁ ነው የምጽፈው። ይጠብቅ።

ባለፈው መነጽር ለምኜሽ ነበር። እሱ ይቅር። የአሁኑ ልመናዬ ሌላ ነው።

ልጄ አዳም ለፋሲካ እደርሳለሁ ብሎ ወጥቶ መስቀልም አለፈ። እንደምታውቂው፣ የእርዳታ ስንዴ ከፍላቂት መጋዘን ወደ እኛ ሲመጣ ጫኝና አውራጅ ሆኖ ከመኪናው ጋር ይሄድ ነበር። የስንዴው ኃላፊ ገብረመስቀል ነው፤ የዚሁ አገር ልጅ፣ ከአዳም ጋር አብሮ ያደገ። የዚያን ቀን መኪናው ስንዴውን አንድ ጆንያ ሳያጎድል ይዞ ገባ። ልጄ ግን በላዩ የለም። ገብረመስቀልን ብጠይቀው፣ ፍላቂት ላይ ሥራ አገኘሁ ብሎ ወረደ አለኝ። ይህን ሲነግረኝ የሚያየው ጆንያውን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጎረቤት የሚለኝ ጠፋው። እግዜር ያጥናሽ እንዳይል የተቀበረ የለም። እግዜር ያምጣልሽ ሲል ደግሞ ድምፁ ይሰበርበታል። ቄስ ሰይፈ ሥላሴ ለሕያው ፍትሐት አይደረግም አሉኝ። ጥቁሩንም ነጩንም ልብሴን አጣጥፌ ሣጥን ውስጥ አስቀመጥሁ፤ የምለብሰው ያንኑ አመድማውን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ስንዴ በመጣ ቁጥር ገብረመስቀል ከሰልፉ ጠርቶ ከሰው ሁሉ አስቀድሞ ለኔ ይሰፍራል። ሰልፈኛው ያጉረመርማል። ባለፈው አንዲቱ፣ «እትዬ ይማርሽ ይህን ልጅ ምን አቅምሰውት ነው?» ብላ ሰውን አሳቀችብኝ። እኔ ግን ያ ስንዴ ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። ሰው እንዲህ የሚያስቀድመው የበደለውን ነው።

አንቺም የእርዳታ ሠራተኛ ነሽ። የእነሱን ጠባይ ታውቂዋለሽ። ለገብረመስቀል ጻፊለትና የሚያውቀውን ይንገረኝ። ልከሰው አይደለም። ልጄ ካለ ልጠብቀው፣ ከሌለ ላልቅስለት። እንዲህ በመካከል ቆሜ ግን አልችልም።

በሄድሽበት ሁሉ ጥላ አትጪ።

አክስትሽ ይማርሽ

* * *

ሱዳን፣ ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለወይዘሮ ይማርሽ፣

ከሩቅ ሆኜ ጉልበትዎን ስሜያለሁ። እናቴ በሕይወት ብትኖር የምነግራትን ሁሉ ለእርስዎ ነው የምነግረውና ጸሎትዎ አይለየኝ። የምሠራበትን ከተማ ስም በደብዳቤ እንዳልጽፍ ታዝዣለሁ። ሙቀቱን ግን ቢያውቁት የላስታን ውርጭ ይመርቁት ነበር።

መነጽሩን ልኬያለሁ፤ ለበዓል የሚሆን ትንሽ ገንዘብም አብሮት አለ።

የአዳም ነገር ከልቤ አልወጣም። ለገብረመስቀል ግን መጻፍ አልችልም፣ አክስቴ። በእኛ ሥራ መንገዱን የያዘው ባለ ጠመንጃ ነው። ዛሬ አንድ ቃል ያለ ቦታው ከተናገሩ ነገ መኪናው አይገባም፤ መኪናው ካልገባ የሚሞተው ሌላ ሰው ነው። ገብረመስቀል የሚያውቀው ነገር ይኖር ይሆናል፤ ላይኖርም ይችላል። እባክዎ ትንሽ ይታገሡ።

እዚህም እንደ እርስዎ ያለች እናት አለች። ኸዲጃ ትባላለች። በየማለዳው የሆስፒታላችን በር ላይ ተቀምጣ የገባ የወጣውን ሁሉ ልጄን አይታችኋል ወይ ትላለች። በባዶ እጄ ከምቀመጥ ብላ የቁስለኞቹን አንሶላ ታጥባለች፤ ማንም አይከፍላትም። እኔን ስታይ እጄን ይዛ ትመርቀኛለች።

ገብሱ እንዴት ነው? በረዶ አልመታውም? ይጻፉልኝ።

ልጅዎ መነን

* * *

ገነተ ማርያም፣ ጥር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለመነን፣

የልደቱ ጌታ በሰው አገር አያሳንስሽ። ለገና ላሊበላ ሄጄ ነበር። ከበሮውን ሰማሁ፣ ካህናቱ ከገደሉ አፋፍ ቆመው ሲያሸበሽቡ አየሁ፣ አልቀረብኝም። ገብሱን ጠይቀሽኛል፤ ደህና ነው። በረዶው ወደ ማዶ ነው የወረደው።

መነጽሩም ገንዘቡም ደረሰኝ፤ እጅሽ አይጠርብሽ። አሁን መስመሩ ጠራልኝ። የኅዳሩን ደብዳቤሽን እንደገና አውጥቼ ያነበብሁትም በሱ ነው፤ ያልጻፍሽው ሁሉ አብሮ ታየኝ።

ኸዲጃ ትጠይቃለች ብለሽ ጽፈሻል። ምን ብለሽ እንደመለስሽላት ግን አልጻፍሽም። ትመርቀኛለች ካልሽ በኋላ ወዲያው ገብሱን ጠየቅሽኝ።

ልጄ፣ የዚያች ሴት ልጅ የት እንዳለ ታውቂያለሽ?

እንደ ገብረመስቀል ጆንያ ጆንያውን አትይብኝ። ለገብረመስቀል ጻፊልኝ ያልሁሽን ትቼዋለሁ። ለኔ ጻፊልኝ። ገንዘብም አትላኪ።

ይማርሽ

* * *

ሱዳን፣ የካቲት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ፣

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ቆየ። ብዕር አነሣለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ። ዛሬ ግን ሰላምታውን እንኳ አሳጥሬ ልጻፈው፤ በሰላምታው ውስጥ እንዳልደበቅ።

አዎ፣ አውቃለሁ።

ልጇ እግሩን ቆስሎ እኔ ክፍል ተኝቶ ነበር። በጠራራ ፀሐይ የታጠቁ ሰዎች ገብተው ከአልጋው አነሡት። ግሉኮስ በክንዱ ላይ ነበር። ሲጎትቱት እንዳይቀድደው ብዬ መርፌውን እኔ ነቀልሁለት። እኔ የሠራሁት ይህን ብቻ ነው፤ መርፌ ነቀልሁለት። አለቃቸው ሲወጣ ድምፁን ሳያነሣ፣ «ይህ ነገር ከዚህ ግቢ ከወጣ ሆስፒታሉ ይዘጋል» አለን።

በከተማው የቀረው ሆስፒታል ይህ ብቻ ነው። የምትወልደውም፣ በረሃብ ቆዳው ካጥንቱ የተጣበቀው ሕፃንም የሚመጣው ወደኛ ነው። ሠራተኞቹ ተሰብስበን መከርን። አንዱ፣ ዛሬ ዝም ካልን ነገ ሌላውን ይወስዱታል አለ። ሌላዋ፣ ዛሬ ከተናገርን ነገ የምናክምበት የለንም አለች። አክስቴ፣ ሁለቱም እውነት ተናገሩ። ዝም አልን።

በአህያ ውሃ የሚያመጡልን ሽማግሌ ሬሳውን ከከተማ ውጭ አግኝተው ከአንድ ግራር ሥር ቀብረውታል። ቦታውን ለኔ በጆሮዬ ነገሩኝ። ኸዲጃ አታውቅም። ልጇ የተኛበትን አንሶላ ግን ከሌሎቹ ጋር አጥባ አስጥታዋለች። እኔ በመስኮት አየኋት።

ገብረመስቀልን እንደማይወዱት አውቃለሁ። እኔም እሱ ነኝ። ይህን አውቀው እንዲጠሉኝ እንጂ፣ ሳያውቁ እንዲመርቁኝ አልፈለግሁም። የአንዲቱ እናት ምርቃት በቅቶኛል።

መነን

* * *

ገነተ ማርያም፣ መጋቢት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለመነን፣

የሚያይ አምላክ ይይሽ። ከዚህ በፊት አንድ ደብዳቤ ጽፌልሽ ነበር። ምሥጋናው ሊወስደው ሲመጣ ቀደድሁት። ምን ብዬ እንደነበር አትጠይቂኝ፤ ጾም ነው።

አሁን የምጽፍልሽን ቀስ ብለሽ አንብቢው። እኔም ቀስ ብዬ ነው የጻፍሁት።

የዘውገ በሬ ጠፋ። ያ ቀዩ፣ ለእርሻ ሲጠመድ አገር የሚያየው። ሽማግሎች አውጫጭኝ ጠሩ። አንቺ ሕፃን ሆነሽ የቀረ ነገር ነውና ላታስታውሺው ትችያለሽ። አገሬው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ይሰበሰባል። ነገሩ ሳይወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ከዚያ አንድ አንድ እያለ ከግንቡ ኋላ እየዞረ ያየውን ለቄስ ሰይፈ ሥላሴ በጆሯቸው ይነግራል። ያላየም አላየሁም ብሎ ይመለሳል። ሁሉም ሲያበቃ ቄሱ ወጥተው፣ ወፍ እንዲህ አለች ብለው ለሸንጎው ያሰማሉ። ወፏ ማን ናት ብሎ የጠየቀ፣ ለማወቅ ብሎ ዘወር ያለ እንኳ፣ በአገር የተወገዘ ነው። እንዲህ ሆኖ ነው የፈራ ሰው እውነት የሚናገረው።

ገብረመስቀል በማግሥቱ ለሚታደለው ስንዴ ቀድሞ መጥቶ ነበርና ሸንጎ ላይ ተቀምጧል። ሸንጎ ከተጠራ በአገር ውስጥ የዋለ አይቀርም።

እኛ ሴቶች ከውጭ ነበርን። እንዴት እንደሆንሁ አላውቅም፣ እግሬ ገባ። መሐል ሄጄ ቆምሁ።

ዘውገ ቀድሞ፣ «እትዬ ይማርሽ፣ በሬና ሰው በአንድ ሸንጎ አይጠየቅም፤ ነገሬን አያበላሹብኝ» አለ።

«በሬ ሲጠፋ አገር ሥራውን ፈትቶ ይቀመጣል» አልሁት። «የኔ ልጅ ሲጠፋ የተቀመጠልኝ የለም። አሁን ከተቀመጣችሁ አይቀር የሱንም ጠይቁልኝ።»

ዘውገ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ቄስ ሰይፈ ሥላሴ፣ አንተ፣ በሬህ እንኳ የት እንዳለ የሚናገርለት ደወል አንገቱ ላይ አለው ብለው ዝም አሰኙት። ሰው ሳቀ። ወዲያው ሳቁ ጠፋ። ሁለቱም ነገር በአንድ መሐላ ይጠየቅ ተባለ።

ሰዉ ሲዞር እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ፀሐይ ከአናታችን ሲያልፍ ቄሱ በመቋሚያቸው ተደግፈው ወጡ። የበሬውን ነገር አስቀድመው ተናገሩ፤ ቆላ ወርዶ ተሸጧል። ከዚያ ወደኔ ዞሩና እንዲህ አሉ፤ ቃሉን እንደሰማሁት ልጻፈው፤

«የአዳምን ነገር ወፍ እንዲህ አለች። ከፍላቂት ወዲህ ኬላ ላይ የታጠቁ ሰዎች መኪናውን አስቆሙ። ልጁን ሌላ የሚፈልጉት ሰው ነው ብለው ያዙት። አይደለም ቢባሉ አልሰሙም። ወይ እሱን ትታችሁ ስንዴውን ይዛችሁ እለፉ፣ ወይ ሁላችሁም ከነስንዴው እዚሁ ቅሩ አሉ። ልጁ ራሱ ወረደ። ‹ሂዱ፤ እናቴም የምትበላው ከዚሁ ነው› አለ። መኪናው ኩርባውን ሳይጨርስ ተኩስ ተሰማ። የአካባቢው ገበሬዎች ከመንገዱ በላይ ከጥዱ ሥር እንደ ሥርዓቱ ቀበሩት፤ ሦስት ድንጋይ ምልክት አለበት። ወፍ እስከዛሬ ዝም ያለችው መንገዱ ይዘጋል ብላ ፈርታ ነው።»

መነን፣ ስለዚያች ሰዓት ምን ልበልሽ። ያ ሁሉ ሰው ወፏን ያውቃታል። በመኪናው ላይ ማን እንደነበረ ያልሰማ የለም። ገብረመስቀል ከዳር፣ ወይራው ሥር ተቀምጧል። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ አንገት አልዞረም። ሽማግሌው፣ ጎረምሳው፣ ያ ነገር የማያስቀረው ዘውገ እንኳ፣ ሁሉም ፊት ለፊቱን እንዳየ ቀረ። እኔ ከድንጋይ የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው ያረጀሁት፤ እንደዚያ የሚያስፈራ ነገር ግን አላየሁም። ሰው አንገቱን ባለማዞር አንድን ሰው ሲሸከመው አየሁ።

እኔም አልዞርሁም።

እርሜን ያን ቀን አወጣሁ። ጥቁሩን ለበስሁ። ፍትሐቱ ተደረገ። ለለቅሶ ለመጣው ሰው ንፍሮ መቀቀል ነበረብኝ፤ ቤቴ ያለው ስንዴ እሱ ብቻ ነው፤ ያው ስንዴ። ይቀቀል አልሁ። ገብረመስቀል መጥቶ ከሰዉ ጋር ተቀመጠ፤ እፍኙን ተቀብሎ በላ። የጎረቤቴ ልጅ እምነት፣ ያቺ አምና ጠጉሯ ቀልቶ ሆዷ ተነፍቶ ትተርፋለች ያላልናት፣ በሐዘንተኛው መካከል ስትሮጥ ጉልበቴን መታችኝ። የተረፈችው በዚያ ቀን በገባው ስንዴ ነው። ልጅቱን ያዝኋት፤ ልቆጣት ነበር፣ አቀፍኋት። እኔ በዚያ መኪና ላይ ብሆን ምን እል ነበር እያልሁ አስባለሁ። አልደርስበትም። የገነተ ማርያምን ምሰሶ ከሥሩ ቆሜ ቀና ብዬ ሳየው እንደማልጨርሰው ነው።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው። አዳም በእውነት ሂዱ ብሏል? ወይስ ወፏ ለእናት አዝና የጨመረችው ነው? ብሎ ከሆነ ልጄ ሰጥቶ ሄደ ማለት ነው። ካላለ ሸጠውት ሄዱ። ለኔ የሰማይና የምድር ያህል ነው። መጠየቅ ግን ውግዝ ነው። ሳላውቀው እሞታለሁ።

አሁን ስላንቺ። አልጠላሁሽም። ለኸዲጃ ወፍ ላኪላት። ማን እንዳየ፣ ማን ዝም እንዳለ አይነገራት፤ መቃብሩ ይነገራት። ፍርድ ቀን አለው፣ ይጠብቃል። እናት ግን መካከል ላይ ቆማ አትጠብቅም። እኔ ቆሜ አይቼዋለሁ። ሆስፒታሉ ቢዘጋ በኔ ምክር ነውና ግማሹ ኃጢአት የኔ ይሁን።

አክስትሽ ይማርሽ

* * *

ሱዳን፣ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለወይዘሮ ይማርሽ፣

ለአዳም ነፍስ ይማር። አብሬው ያደግሁት፣ ከብት ጠፍቶብን አብረን የተገረፍነው ወንድሜ ነው። አንድ ቀን ሥራ አልገባሁም፤ እርሜን እዚህ አወጣሁ።

ያሉኝን አደረግሁ። ብቻዬን አልወሰንሁም፤ ከባልደረቦቼ ጋር ደግመን መከርን። የአውጫጭኙን ነገር ስነግራቸው ሰአዳ የምትባል የዚህ አገር አዋላጅ፣ ወፏ እኔ ልሁን አለች። የምትፈራ ሴት ናት፤ የበር ድምፅ ያስደነግጣታል። እሷ ናት የሄደችው።

ኸዲጃ አላለቀሰችም አለችኝ ሰአዳ። ማን ገደለው አላለችም። ማን አየ አላለችም። የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፤ ልጄ ተከፍኗል ወይ አለች። ተከፍኗል። ውሃ አምጪው ሽማግሌ የራሳቸውን ጥምጥም ፈትተው ነው የከፈኑት። ይህን ሰአዳ ሽማግሌውን ጠይቃ እስክትነግረኝ እኔም አላውቅም ነበር። እሳቸው ከዚያ ወዲህ ባዶ ራሳቸውን በዚያ ፀሐይ ይሄዳሉ፤ እኛ ድሆች ስለሆኑ መስሎን ነበር።

በማግሥቱ ትቀራለች ስንል ኸዲጃ መጣች። ከበሩ ላይ አልተቀመጠችም፤ ቀጥ ብላ ወደ ማጠቢያው ሄደች። በሩን የሚጠብቀው ባለ ጠመንጃ፣ ዛሬ ልጅሽን አትጠብቂም ወይ ብሎ ቀለደባት። እኔ ከደረጃው ላይ ሆኜ ሰማሁት። አንድ ቃል ብትናገር ሁላችንም አለቅን። እሷ አንሶላውን ትከሻዋ ላይ እንዳደረገች አየችውና፣ «የምጠብቀው የለኝም። ላጥብ ነው የመጣሁት» አለችው። ሰውየው ዓይኑን ሰበረ።

በኔ በኩል ስታልፍ እጄን ያዘችው። እንደ ወትሮው አልመረቀችኝም። አልረገመችኝምም። ይዛው ቆየችና ለቀቀችው። ከዚያ ወዲህ መርፌ በያዝሁ ቁጥር እጇ እጄ ላይ አለ።

ሆስፒታሉ እስከዛሬ ክፍት ነው። ስለ ነገ አላውቅም። ትክክል ሠራሁ አልልዎትም። የፍርዱ ቀን ሲመጣ ግን የምናገረው አለኝ፤ አልረሳውም።

ልጅዎ መነን

* * *

ገነተ ማርያም፣ ሰኔ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለመነን፣

የኸዲጃ እጅ የያዘው እጅሽ አይዛል። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። የሽማግሌው ራስ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ መነጽሩን አወልቃለሁ። ነጠላ ሸምቼ በምሥጋናው እጅ ልኬላቸዋለሁ፤ ባይደርስም መላክ አለብኝ። ለኸዲጃ የምልከው አጣሁ። ስሟን ግን ቄስ ሰይፈ ሥላሴ በጸሎት እንዲያነሡልኝ ነገርኋቸው። እስላም ናት አልኋቸው። «እናት ናት አላልሽኝም?» አሉኝ።

የፍላቂት መንገድ ለጥቂት ቀን ሰላም ሲሆን መቃብሩን አየሁት። ሦስቱ ድንጋይ አለ። ጥዱ ትልቅ ነው፤ ነፋሱ ሲመታው ድምፅ አለው። ብዙ አልጽፍልሽም።

የዛሬውን ልንገርሽና ላብቃ።

ስንዴ መጣ። ገብረመስቀል እንደ ልማዱ ከሰልፉ ጠራኝ። ሰዉ ማጉረምረም ትቷል፤ ለሐዘንተኛ ነው ብሎ ዝም ይላል። እኔ ግን ነገሩን ላቆመው ቆርጬ ነው የወጣሁት። ልጄን የበላ ኬላ ያሳለፈውን ስንዴ ተቀብዬአለሁ፤ በልቼዋለሁ፣ ለለቅሶውም ቀቅዬዋለሁ። እንደ ካሣ መቀበል ግን አልፈልግም። ደግሞ እሱም ልጅ ነው፤ እኔን ባየ ቁጥር ሲሰበር አያለሁ፤ ይብቃው ብዬ ነው።

ቀረብ ብዬ ቀስ ብዬ፣ «ገብረመስቀል፣ ከእንግዲህ አታስቀድመኝ። በተራዬ ስፈርልኝ። የምትከፍለኝ የለም» አልሁት።

ጣሳውን ይዞ ቆመ። ከዚያ የመኪናው ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ዓይን ዓይኔን አየኝ።

«አይሆንም እትዬ» አለኝ። «የኔ ፈቃድ አይደለም። አደራ ነው።»

እኔም የማን አደራ ነው አላልሁትም። ጣሳውን ከጆንያው ነክሮ፣ የጣሳውን አፍ በእጁ ጠርጎ፣ ሞልቶ ሰፈረልኝ። እዚያው ስንዴው አጠገብ ተቀመጥሁ። ሰው ዕድሜዋ ነው ብሎ ውሃ አመጣልኝ።

ልጄ ከመኪናው ሲወርድ ተናግሯል፣ መነን። እናቱን አስቀድመው እንዲሰፍሩላት ተናግሯል።

ስንዴውን በጀርባዬ ተሸክሜ ገባሁ። ማንም እንዲያግዘኝ አልፈቀድሁም።

ይማርሽ